የዓርብ ፌስታልና የእትዬ ማማሰያ

ሴትዮዋ መምታት ትችላለች። ይህን የሚክድ ሰው ሰፈሩ ውስጥ የለም፤ ቢኖርም ጥርሱ ሙሉ አይደለም። ሌላው ሰው ሲናደድ መጀመሪያ ይሳደባል፣ ጣቱን ይቀስራል፣ ያዙኝ ልቀቁኝ ይላል፣ መምታት ካለበት መጨረሻ ላይ ይመታል። እሷ የምትጀምረው ከመጨረሻው ነው። ስድቡ ካስፈለገ በኋላ ይደርሳል። የትምህርት ቤቱ ልጆች ፊት ለፊት «እትዬ»፣ ዞር ስትል ደግሞ «መዶሻ» ይሏታል። ታውቃለች። እንዲያውም ደስ ሳይላት አይቀርም።

ሥራዋ ወጥ ቤት ነው። ሦስት መቶ አርባ ተማሪ በቀን አንድ ጊዜ ከእሷ ድስት ይበላል፤ ባቄላና ሩዝ፣ አንዳንዴ ድንች። ወጥ ቤቱ ከመማሪያ ክፍሎቹ ጀርባ ያለ ጣሪያው በጭስ የጠቆረ ቤት ነው። ሁለት ምድጃ፣ ሰው ሊታጠብበት የሚችል አንድ ትልቅ ድስት፣ የተቆለሉ የፕላስቲክ ሳህኖች፣ እና ማማሰያው።

ስለ ማማሰያው መናገር ያስፈልጋል። ከእሷ ክንድ ይረዝማል፣ እንጨቱ ጥቁርና ከባድ ነው፣ ጫፉ ሰፋ ብሎ ተጠርቧል። ትምህርት ቤቱ የራሱ ማማሰያ ነበረው። እሷ ግን ስትቀጠር ይህንን ይዛ መጣች። «ይሄ እጄን ያውቀዋል» አለች፤ የተከራከራት የለም።

መምታትን የተማረችው በመመታት ነው። እናቷ በልጅነቷ ሞተችባት፤ እንጀራ እናቷ ቅዳሜና እሁድ ምግቡን ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፋ ዘመድ ጥየቃ ትሄድ ነበር። በስምንት ዓመቷ አንድ እሁድ የቁም ሣጥኑን በር በድንጋይ ሰበረችና ያገኘችውን ዳቦ ሁሉ በላች። እንጀራ እናቷ ስትመለስ በዚያው ድንጋይ የልጅቷን ጥርስ ሰበረች። ዛሬም ከላይ በኩል አንድ ጥርስ የላትም። ስለዚህ ብዙ አትስቅም።

ቀጥሎ ባል መጣ። ሰባት ዓመት መታት። በቡጢ፣ በቀበቶ፣ አንድ ጊዜም በወንበር። በስምንተኛው ዓመት ድስት እያማሰለች ሳለ ከኋላ መጥቶ ፀጉሯን ያዛት። ዞራ በማማሰያው ጆሮ ግንዱን አለችው። ወደቀ። ወድቆም ደገመችው። ሲነቃ ልብሱን ሰብስቦ ወጣ፤ ይኸው እስከ ዛሬ እንደወጣ ነው። የዚያን ቀን እጇ ውስጥ የገባው ሙቀት ከዚያ በኋላ ፈጽሞ አልወጣም። ልክ ነበርኩ ብላ ታምናለች፣ ልክም ነበረች። ችግሩ፣ አንድ ጊዜ ልክ የሆነ እጅ ሁልጊዜ ልክ የሆነ ይመስለዋል።

ትምህርት ቤቱ ገብታ ሁለተኛ ዓመቷ ላይ አንድ ነገር አስተዋለች። ሰኞ ሰኞ ድስቱ አይበቃም። ያው ልኬት፣ ያው የልጅ ቁጥር፤ ዓርብ ተርፎ ለዘበኛው ውሻ ይደርሳል፣ ሰኞ ግን ከሰልፉ መጨረሻ ሠላሳ ልጅ ባዶ ሳህን ይዞ ይቀራል። ሌባ አለ አለች። ማጣራት የሚባል ነገር ስለማይሆንላት የንብረት ክፍሉን ሰውዬ ከነክራቫቱ ግድግዳ ላይ ለጠፈችው። «የሰኞውን ባቄላ የት ነው የምታደርሰው?» ሰውዬው ፊቱ ጠቆረ፣ እግሩ ከመሬት ተነሳ፣ ሚዛኑን አምጥተው ፊቷ ሲመዝኑላት ግን አንድ ፍሬ አልጎደለም።

በሚቀጥለው ሰኞ ድስቷ አጠገብ ቆማ ልጆቹን ማየት ጀመረች። ይበላሉ ማለት አይቻልም። ይውጣሉ። ሳህን ይልሳሉ፣ እንደገና ይሰለፋሉ፣ የጓደኛቸውን ሳህን በዓይናቸው ይጨርሳሉ። አንዲት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሁለት ሳህን በቁሟ ጥርግ አድርጋ ከበሩ ሳትርቅ አስመለሰች። አፏን በእጅጌዋ ጠርጋ ሦስተኛ ልትጠይቅ መጣች።

ይህችን ልጅ አስተማሪዎቹ «ካሜራ» ይሏታል። ሰሌዳው ላይ የተሳለውን አንድ ጊዜ ካየች፣ ቢጠፋም መልሳ ትስለዋለች። ጫማ የሚያስር ሰው አይታ ቋጠሮውን ትደግመዋለች። እናቷ ሞታለች፣ አባቷ ግንበኛ ነው፣ ግንባታው ከቆመ ደግሞ ብዙ ወር ሆኖታል።

«መቼ ነው የበላሽው?» አለቻት ወጥ ቤቷ።

«ዓርብ።»

«ዓርብ የት?»

«እዚህ፣ እትዬ።»

የልጅነቷ ቁም ሣጥን ወጥ ቤቷ ዓይን ላይ መጣ። ጨለፈችላትና ሽርጧን ሳታወልቅ፣ ማማሰያውን እንደያዘች፣ ቀጥታ ወደ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ሄደች።

ርዕሰ መምህሩ ክፉ ሰው አይደለም፤ ሰነፍም አይደለም፤ ወረቀት የሚወድ ሰው ነው። «ቅዳሜና እሁድ ተማሪው በወላጅ ኃላፊነት ሥር ነው» አላት። ጠረጴዛውን በቡጢ ስትለው የሻይ ብርጭቆው ዘሎ ወረቀቶቹ ላይ ተደፋ። «ሆድ ቅዳሜና እሁድ ይዘጋል እንዴ?» አለች። ሰውዬው የራሰውን ወረቀት አየ፣ ማማሰያውን አየ፣ ጉዳዩ ሊታሰብበት እንደሚችል ተናገረ። በሳምንቱ በእሱ ደብዳቤ የሰፈሩ ዳቦ ጋጋሪ ዳቦ፣ ዶሮ አርቢዋ ቅርፊታቸው የተሰነጠቀ እንቁላሎች፣ ባለሱቁም ኦቾሎኒ መስጠት ጀመሩ። እንዲህ ሆኖ የዓርብ ፌስታል ተጀመረ፤ ለስልሳ ልጆች፣ ለእያንዳንዳቸው አራት ዳቦ፣ አራት የተቀቀለ እንቁላል፣ ሁለት እፍኝ ኦቾሎኒ። ፌስታሉ ቢጫ እንዲሆን የመረጠችው ራሷ ናት። ከሩቅ ታይቶ እንዳይጠፋ።

አልጠፋም። በሦስተኛው ዓርብ ልጆቹ ወደ ቤት ከሚያልፉበት ድልድይ ሥር የሚውሉ ሦስት ጎረምሶችም ከሩቅ አዩት። ሁለት ልጆች አፍንጫቸው እየደማ ወደ ትምህርት ቤቱ ተመለሱ፤ አንዱ የፌስታሉን ማንጠልጠያ ብቻ ጨብጧል።

በቀጣዩ ዓርብ ወጥ ቤቷ ማማሰያውን ይዛ ከልጆቹ ኋላ ሄደች። የድልድዩ ሥር ጠባብ መተላለፊያ ነው፣ ውሃ ያዘለ ግድግዳ፣ መሬቱ ላይ የተሰበረ ጡብ። ጎረምሶቹ ከመጀመሪያዋ ልጅ እጅ ፌስታሉን ሲቀሙ ሳታስጠነቅቅ ገባች። የመጀመሪያውን ጉልበቱን አለችው፤ ተንበረከከ። ሁለተኛው በጡብ ግንባሯን ፈለጠው፤ ደሙ ዓይኗ ውስጥ እየገባ አፍንጫውን ሰበረችለት፣ ሲጮህ ደግሞ አፉን። ሦስተኛው ሊሸሽ ሲል ጀርባውን አግኝታ በሆዱ አስተኛችው። ገልብጣ ስታየው አፉ ውስጥ ዳቦ ነበረ። ከንፈሩ ተሰንጥቆ፣ ዳቦው ቀይ ሆኖ፣ አሁንም ያኝካል። አልተፋውም። ይህን አይታለች፤ ግን ደሟ ፈልቶ ስለነበር ያየችውን ወዲያው ረሳችው።

ሰፈሩ ጨበጨበላት። ግንባሯ አምስት ቦታ ተሰፋ። በዕረፍት ሰዓት ልጆቹ ማስመሪያ ይዘው «እኔ ነኝ መዶሻ!» እየተባባሉ ይቀጣቀጡ ጀመር፤ እሷም በወጥ ቤቱ መስኮት እያየች ሳቀች፣ ያውም የጎደለው ጥርሷ እስኪታይ። ከዚያ ወዲህ ዓርብ ዓርብ ማማሰያዋን ታጥባ፣ አድርቃ፣ ድልድዩ ሥር ትቆማለች። እውነቱ ይነገር ከተባለ፣ ማንም ሳይመጣ የቀረ ዓርብ ቅር ይላት ነበር።

አንድ ዓርብ ግን ባቄላው አርሮባት ዘገየች። ልጆቹ ቀድመዋት ወጡ። ሽርጧን እየፈታች፣ ቁና ቁና እየተነፈሰች ድልድዩ ጋ ስትደርስ ከውስጥ የልጅ ጩኸት ሰማች።

«አልሰጥም! የኔ ነው!»

«ልቀቂ ብያለሁ! ስጪኝ!»

አንድ አቧራ የለበሰ ሰውዬ ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል። ካሜራ ቢጫውን ፌስታል በሁለት እጇ ይዛ እያለቀሰች ወደ ራሷ ትጎትታለች፤ ሰውዬው በቀኝ እጁ ወደ ራሱ። ወጥ ቤቷ አልጠየቀችም። የመጀመሪያው ምት የእጁን አንጓ አገኘ፤ አጥንቱ እንደ ጭራሮ ሲሰበር ተሰማ። ፌስታሉ ወደቀ። ሰውዬው ልጅቷን በጀርባው ሊጋርድ ሲዞር፣ ይዟት የሚሸሽ መሰላት፤ ሁለተኛው ምት ትከሻውን አለው። ግድግዳውን ሊደገፍ ያንኑ እጁን ዘረጋ።

«አባዬ! አባዬ ነው! አባዬ!»

ጆሮዋ ሰምቷል። እጇ ግን አልሰማም። ሦስተኛው ምት የተዘረጉትን ጣቶች ከግድግዳው ጋር ቀጠቀጣቸው።

ሰውዬው ግድግዳውን ተንሸራቶ መሬት ተቀመጠ። አልጮኸም። የተሰበረውን እጁን ጭኑ ላይ አስቀምጦ የሌላ ሰው ዕቃ ይመስል አየው።

«ልመልሰው ነበር» አለ።

«ምኑን?»

«ፌስታሉን። ሰኞ ሥራ እጀምራለሁ። ግንባታው ተከፈተ። እኛ ከበቃን ለሌላ ልጅ ይሁን ብዬ... እሷ አልለቅም አለች። ልጅ አይደለች?»

የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል። ይህችኛዋ ያፈሰሰችው የሚለቀም አልነበረም። እንቁላሎቹ ጭቃው ላይ ተጨፍልቀዋል፤ ካሜራ መሃላቸው ቆማ ማልቀስ አቁማለች። ዓይኗ ከአባቷ እጅ ወደ ማማሰያው፣ ከማማሰያው ወደ ወጥ ቤቷ እጅ ይሄዳል።

ጤና ጣቢያው ከጣት እስከ ክርን ጄሶ አደረገለት። ሁለት ወር፣ ምናልባትም ሦስት፤ ሁለቱ ጣቶች ግን እንደ ድሮው አይሆኑም አሉ። ሰኞ ዕለት ፎርማኑ ጄሶውን አየና «ምን ላድርግህ ወንድሜ?» ብሎ ሌላ ግንበኛ አስገባ።

ካሜራ ሰኞ ትምህርት ቤት መጣች። በምሳ ሰዓት ግን አልተሰለፈችም። ከወጥ ቤቱ በር ፊት ለፊት ካለው ደረጃ ላይ ጀርባዋን ለድስቱ ሰጥታ ተቀመጠች። ወጥ ቤቷ በሌላ ልጅ እጅ ሳህን ላከችላት፤ ሳህኑ እንደሞላ ተመለሰ። ማክሰኞም እንዲሁ። ረቡዕ ራሷ ይዛላት ሄደች፤ ልጅቷ ሳህኑን ተቀብላ፣ ዓይን ዓይኗን እያየቻት፣ መሬት ላይ ቀስ ብላ ደፋችው። ሌላ ልጅ ቢሆን የዚያን ጊዜ ጥፊ ቀምሶ ነበር። ወጥ ቤቷ ተንበርክካ ባቄላውን በእጇ ለቀመች። ሐሙስ ካሜራ ሰሌዳው ፊት ወደቀች። በስኳር ውሃ ቀና አደረጓት፤ ወጥ ቤቷ ከበሩ ውጭ ቆማ የልጅቷን ቀጭን እግሮች አየችና፣ ይህች ልጅ በእኔ እጅ ልትሞት ነው አለች።

ዓርብ ከሰዓት ሥራዋን ቶሎ ጨርሳ አንድ ፌስታል አዘጋጀች። ማማሰያውንም ያዘች።

የግንበኛው ቤት ከአንድ ጋራዥ ጀርባ ያለ አንድ ክፍል ነው። የሰው ቤት ሲለስን የኖረ ሰው የራሱ ግድግዳ ገና አልተለሰነም። አንድ አልጋ፣ ለመቀመጫ የሚሆኑ ሁለት ብሎኬቶች፣ ምስማር ላይ የተንጠለጠለ ግድግዳ የሚያቀናበት ቱንቢ። ግንበኛው አልጋው ላይ ተቀምጧል፤ ካሜራ ጥግ ላይ።

«ምን ፈለጉ?» አላት።

ይቅርታ የሚለው ቃል ከአፏ ወጥቶ አያውቅም፤ ያን ቀንም አልወጣም። ፌስታሉንና ማማሰያውን እግሩ ሥር አስቀመጠች።

«ምታኝ» አለች።

ግንበኛው ጄሶውን ብድግ አድርጎ አሳያት። «በምኔ?»

«ግራህ ደህና ነው።»

«እኔ ድንጋይ ነው የምመታው፣ እትዬ። ሰው መትቼ አላውቅም። ይሂዱልኝ።»

ያኔ ካሜራ ከጥጉ ተነሳች። ከእሷ ቁመት ብዙም የማያጥረውን ማማሰያ በሁለት እጇ አነሳችው።

«እጅሽን አምጪ» አለች።

«አንቺ ልጅ!» አለ አባቷ።

ወጥ ቤቷ ግን ብሎኬቱ ፊት ተንበርክካ ቀኝ እጇን ዘርግታ አስቀምጣ ነበር። የመጀመሪያው ምት አንጓዋን አገኘ። ከዚህች ከሲታ ልጅ ይህን ያህል ጉልበት አልጠበቀችም። ሁለተኛው ትከሻዋ ላይ አረፈ። «ሰኞ ሥራ ሊገባ ነበር!» ብላ ጮኸች ካሜራ። ወጥ ቤቷ እጇን መሰብሰብ ትችል ነበር፤ ምት የለመደ ሰውነቷ ሰብስቢ፣ ተነሺ፣ ንጠቂያት ይላታል። አልሰበሰበችም። ሦስተኛው ምት ጣቶቿን ብሎኬቱ ላይ ጨፈለቃቸው፤ ትንሿ ጣት ቀጭ ስትል ሦስቱም ሰሙ።

«በቃ! በቃ ልጄ!» ግንበኛው በግራ እጁ ልጁን ከወገቧ አቅፎ ወደ ኋላ ሳባት።

ወጥ ቤቷ የዚያን ጊዜ ቀና ብላ አየች። ልጅቷ አውራ ጣቷን እንጨቱ ላይ የቆለፈችበትን፣ ዳሌዋን ያዞረችበትን፣ ግራ እግሯን ያስቀደመችበትን አየች። አንጓ፣ ትከሻ፣ ጣት፤ ቅደም ተከተሉ ሳይቀር። የራሷ ነው። ባሏን የመታችበት፣ ድልድዩ ሥር ሦስት ጎረምሶች የጣለችበት፣ የዚህችን ልጅ አባት የሰበረችበት አያያዝ። ካሜራ አንድ ጊዜ ካየች አትረሳም። ከጣቷ ይልቅ ይሄ አመማት፤ እንባዋም መጣ። ጥርሷ በተሰበረ ጊዜ እንኳ አላለቀሰችም።

«በቃሽ?» አለቻት።

«አልበቃኝም» አለች ልጅቷ። ዓይኗ ግን ፌስታሉ ላይ ነበር።

ወጥ ቤቷ በግራ እጇ ፌስታሉን ፈታች። አንድ እንቁላል አወጣች። በአንድ እጅ እንቁላል መላጥ ከባድ ነው፤ ሁለት ጊዜ ከጣቶቿ አመለጠ። ግንበኛው ትንሽ አያት፣ ከዚያ ከአልጋው ወርዶ ፊት ለፊቷ ተቀመጠና በግራ እጁ ያዘላት። እሱ ያዘ፣ እሷ ላጠች። የተላጠውን እሱ ለልጁ ሰጣት። ካሜራ በሁለት ጉርሻ ዋጠችው፤ ሁለተኛውንም፣ ሦስተኛውንም። ማማሰያው ግን ጭኗ ላይ ነበር።

ወጥ ቤቷ ስትነሳ እጇን ዘረጋች። «አምጪው። ሰኞ ድስት አለብኝ።»

«ሰኞ እኔ አመጣዋለሁ» አለች ካሜራ።

ሰኞ አመጣችው። ወጥ ቤቷ ቀኝ እጇ በፋሻ ተጠቅልሎ፣ ሁለቱ ጣቶቿ በቀጭን እንጨት ታስረው ምድጃው ፊት ቆማለች። ጥግ ላይ ግንበኛው ጆንያ ላይ ተቀምጦ በግራ እጁ ባቄላ ይለቅማል፤ ርዕሰ መምህሩ በዚያው ጠዋት የወጥ ቤት ረዳት ብሎ ፈርሞ አስገብቶታል፣ ለዚያውም ጠረጴዛው ሳይመታ። ካሜራ ገልብጠው ያስቀመጡላት ሳጥን ላይ ወጥታ ድስቱን ማማሰል ጀመረች፤ ወጥ ቤቷ በግራ እጇ ትጨልፋለች። ልጆቹ ተሰልፈዋል። የሰኞ ሰልፍ ነው፤ ሳህን ሁሉ ወደፊት ተዘርግቷል።

ከመሃል አንድ የስድስተኛ ክፍል ልጅ ፊቱ ያለችውን ትንሽ ልጅ በክርኑ ገፍቶ ቦታዋን ያዘ። ልጅቷ ወደቀች፣ ሳህኗ ተንከባለለ። ማንም አፉን ሳይከፍት ካሜራ ከሳጥኑ ዘላ ወረደች። አውራ ጣቷ እንጨቱ ላይ ተቆለፈ፣ ግራ እግሯ ቀደመ፣ ትኩስ ባቄላ እያንጠባጠበ ማማሰያው ወደ ላይ ወጣ። ፊቷ ላይ ቁጣ አልነበረም። የሆነ ደስታ ነበር፤ ወጥ ቤቷ ያንን ደስታ ታውቀዋለች።

ለመናገር ጊዜ አልነበረም። እጇን ሰደደች፤ የቀረበው ደግሞ የታመመው ነበር። ማማሰያው በሙሉ ክብደቱ ፋሻው ላይ አረፈ። ከወጥ ቤቷ ጉሮሮ እንደ እንስሳ ያለ ድምፅ ወጣ፣ ግን ጣቶቿን እንጨቱ ላይ ጨበጠች፤ የተሰበሩትንም ጭምር። አልለቀቀችም። የስድስተኛ ክፍሉ ልጅ ከግድግዳው ተጣብቆ ሽንቱ በእግሩ ወረደ። ግንበኛው ባቄላውን በትኖ ተነስቷል።

ሁለቱ ማማሰያውን ከሁለት ጫፍ እንደያዙ ተያዩ። በፋሻው ላይ ደም መምጣት ጀመረ።

«ለማማሰል ብቻ» አለች ወጥ ቤቷ። ትንፋሿ ተቆራርጧል። «ከዛሬ ጀምሮ፣ ለማማሰል ብቻ። እኔም፣ አንቺም።»

ካሜራ ደሙን አየች። ደስታው ከፊቷ ሸሽቶ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ብቻ ቀረች።

«እጅዎ፣ እትዬ...»

«ተይው። ሂጂ አማስዪ፤ ያርራል።»

ወጥ ቤቷ እንጨቱን ለቀቀችላት፤ ልጅቷ ማማሰያውን ይዛ ሳጥኑ ላይ ወጣች፣ ማማሰሏንም ቀጠለች።